ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ገልባጭ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከሽታው በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ስምዎን አልጠራም። ሱቅዎ ከአዌቱ ወዲህ ይሁን ወዲያ አልናገርም። ጅማ ውስጥ ትንሽ የቡታጋዝ ሲሊንደር ያለው ሰው ሁሉ ያውቅዎታል። የማያውቅዎት እንግዳም አፍንጫውን ተከትሎ ይደርሳል።

በመጀመሪያ ላመሰግንዎ። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚደርሱልን እርስዎ ነዎት። ምጣዱ ቀዝቅዞ፣ ስቶቩ ዱዳ ሆኖ፣ እንግዳ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ትንሿ ሲሊንደር ድንገት ስታልቅ ልጅ የሚላከው ወደ እርስዎ ነው። ሌላ ቦታ "የለም፣ ነገ ኑ" ይባላል። እርስዎ ዘንድ "የለም" የሚባል ነገር የለም። ትልቁን ሲሊንደር ይገለብጡትና ባለ ሦስት እግሯ የጅማ ባርጩማ ላይ በአፉ ይደፉታል። ከዚያ በአንዲት ጎማ ወደ ትንሿ ያወርዱታል። የአባ ጅፋር አገር ጠራቢዎች ያቺን ባርጩማ ሲቀርጹ ለዚህ ሹመት ትበቃለች ብለው ያሰቡ አይመስለኝም።

ቅሬታዬ ስለ ሚዛን ነው።

እኛ ጅማዎች ሚዛን አያውቁም የሚለን ካለ ይምጣ። ቡና በሚዛን ነው። ማር በሚዛን ነው። ለአንድ ኪሎ ቡና ዓይናችንን ሚዛኑ ላይ ተክለን "እስኪ እጅህን አንሳ" እያልን የምንጨቃጨቅ ሰዎች ነን። ጋዝ ላይ ስንደርስ ግን በእርስዎ መዳፍ እንለካለን። ሲሊንደሯን መታ መታ ያደርጓታል። ጆሮዎን ያስጠጋሉ። ትንሽ ያስባሉ። "ሞልታለች" ይላሉ። ሐኪም እንኳ ልብ የሚያዳምጠው መሣሪያ ይዞ ነው።

ደግሞ ቸርነትዎ! "ለአንተ ብዬ ጢም ነው ያደረግኩልህ" ሲሉ ደንበኛው ልቡ ይሞቃል። ጢም ማለት ለጠላ ብርጭቆ ያምራል፣ ጋሼ። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግን ሙቀት ሲነካው የሚያብጥ ፈሳሽ ነው፤ ውሃ ከሚያብጠው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ሙያው ያላቸው ሰዎች ከመቶ 80 ያህሉን ብቻ ይሞላሉ። የቀረው ፈሳሹ ሲያብጥ የሚጠጋበት ቦታ ነው። አሜሪካ ውስጥ መኪናቸውን ቤት አድርገው ካምፕ የሚወጡ ሰዎች የሚያስሞሏቸው ሲሊንደሮች ውስጣቸው ተንሳፋፊ አለ። 80 ሲደርስ መግቢያውን ይዘጋል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2002 ጀምሮ እዚያ ያ መዝጊያ (ቫልቭ) የሌለውን ትንሽ ሲሊንደር መሙላት ክልክል ነው። የእኛ ተንሳፋፊ የእርስዎ መዳፍ ነው። መዳፍዎ ደግሞ ለጋስ ነው።

እስኪ አንድ ደንበኛዎን እንከተለው። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ጊቤ ዳር ድንኳን ተክሎ ሊያድር ነው። ጠዋት ጉም ሳይነሳ፣ ጅማ ገና ጋቢዋን ሳትጥል ትንሿን ጢም አድርገው ይሰጡታል። እሱም ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ሥር ያስገባታል። ሰርቦ ያልፋል። አሰንዳቦ ያልፋል። ሶኮሩን አልፈው ቁልቁል ወደ ጊቤ በረሃ ሲወርዱ ጃኬት መውለቅ ይጀምራል። ፈሳሹም ያብጣል፤ መጠጊያ ግን የለውም። ግፊቱ ሲያይል ማስተንፈሻ ቫልቭ ካላት ይከፈትና መኪናው ውስጥ ትተነፍሳለች። አንዲት እናት "ምነው፣ የገማ እንቁላል የያዘ ማነው?" ይላሉ። ሁሉም ጎረቤቱን ያያል። ልጁ በመስኮት የተራራውን ውበት ማድነቅ ይጀምራል። ረዳቱ "ሽታውን እንኳ ይገድለው" ብሎ ሲጋራ ያወጣል። ማስተንፈሻ ቫልቭ ከሌላትማ ባናወራው ይሻላል።

ያ ሽታ ደግሞ የጋዙ አይደለም። ጋዙ ራሱ አይሸትም። ሰው ነቅቶ እንዲሸሽ ሆን ተብሎ የተጨመረ ግማት ነው። እርስዎ ሱቅ ውስጥ ግን ሽታው ከጠዋት እስከ ማታ ስላለ የሁላችንም አፍንጫ ለምዶታል። የለመደ አፍንጫ ደግሞ ዘበኛነቱን ትቶ ይተኛል። "ምንም አይሸተኝም" ሲሉ አምንዎታለሁ።

አሁን ወደ ጀበናው። ሱቅዎ ውስጥ ቡና መፈላቱን አልቃወምም፤ ጅማ ላይ ቡና የሚቃወም ሰው አገር ይልቀቅ። እኔ የምለው ስለ ከሰሉ ነው። ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈተልክ ወደ ጣሪያ አይወጣም። ወለል ለወለል ይሄዳል፣ በባርጩማው ሥር ይሾልካል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ይተኛል። የጀበናው ከሰል የት ነው? ወለሉ ላይ። አቦሉ ደርሶ "ኑ ቡና ጠጡ" ሲባል ጋዙም ጥሪውን አክብሮ ይመጣል። "በሩ እኮ ክፍት ነው" ይላሉ። እውነት ነው። ግን ደፉን አይተውታል? ዝናብ እንዳይገባ ብለው ከፍ ያስደረጉት ደፍ ጋዙንም ከውስጥ ይይዘዋል። የጅማን ዝናብ ለሚያውቅ ሰው ደፉ አያስወቅስም። ከሰሉ ነው የሚያስወቅሰው። አንድ ሊትር ፈሳሽ አምልጦ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ከ200 ሊትር በላይ ይሆናል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አሥር ደርድረው ይዩት።

ትንሿ አልሞላ ስትል ደግሞ "አየር ይዛለች" ብለው ፍስስስ ያደርጉላታል። ጋሼ፣ ያ አየር አይደለም። ጋዙ ራሱ ነው። ልጁ የከፈለበት ጋዝ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ለእርስዎ ወለል አወረሰው።

ማስረከቢያው ላይ የጥራት ምርመራ አለ። ክብሪት ይጭራሉ። አፏ ዙሪያ ያዞሩታል። "አየህ? አታፈስም" ይላሉ። ብታፈስስ? ያን ጊዜ የምርመራው ውጤት ለሰፈሩ ሁሉ ይነገራል። አጠገብዎ ያለው ሱቅ ሳሙና ይሸጣል። በጥቂት ውሃ በጥብጠው አረፋውን ቫልቩና የጎማው መጋጠሚያ ላይ ይቀቡት። የሚያፈስ ካለ አረፋው እየተነፋ ራሱ ይናገራል። ቅንድብዎም ይተርፋል። የቀኙ ገና አልበቀለም መሰለኝ።

እኛ ደንበኞችዎም ቅዱሳን አይደለንም። ልታልቅ ስትል ፈሳሹ እንዲደርስ ብሎ በጎኗ የሚያስተኛት አለ። እውነትም ይደርሳል፤ በጋዝ ፈንታ ፈሳሹ ራሱ ወደ ምድጃው ይመጣና እሳቱ ጣሪያ ይልሳል። ፍም አጠገብ የሚያሞቃትም አለ። ድንኳን ወይም መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ጋዙን ለሙቀት አብርቶ የሚተኛውን ደግሞ በእርስዎ አላሳብብም። ከሰል ሰው እንደሚያፍን እያወቀ፣ "ይሄ ጭስ የለውም" ብሎ የሚተኛ ሰው ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ መደርደሪያዎ ላይ ያለችው አረንጓዴ ትንሽ ሲሊንደር ናት። ወደ ኦሞ የወረዱ ፈረንጆች ከመኪናቸው ጥለዋት የሄዱት ናት አሉ። እርስዎ ግን አቧራዋን ጠርገው "ይሞላል" የሚል ወረቀት ለጥፈውባታል። ግማሽ ኪሎ የማይደርስ ጋዝ የምትይዝ፣ አንድ ጊዜ አገልግላ እንድትጣል የተሠራች ናት። ቫልቯ ተመልሶ ለመሞላት ስላልተሠራ ከዚያ በኋላ በደንብ ላይዘጋ ይችላል። አገሯ አሜሪካ እሷን እንደገና ሞልቶ ማጓጓዝ እስከ 500,000 ዶላር ቅጣትና እስከ 5 ዓመት እስራት ያመጣል። ይህ ራሷ ላይ ተጽፏል፤ ወረቀትዎን የለጠፉት ልክ ጽሑፉ ላይ ነው። "የእነሱ ሕግ እዚህ አይሠራም" ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሕጉ ሶኮሩንም አይሻገርም። ቫልቩ ግን አገር ቢለውጥ ጠባይ አይለውጥም።

እንግዲህ ልመናዬ። መገልበጡን ትተው ሲሊንደሮቹን በደንብ ወደሚሞሉ ሰዎች ቢልኩልን ደስ ይለኛል። እንደማይተዉት ግን አውቃለሁ። መብራቱም መጥፋቱን አይተውም፣ እኛም መምጣታችንን አንተውም። እስከዚያው ድረስ ከሰሉን ያርቁ፣ ሥራውን ወደ ደጅ ያውጡ፣ ሚዛንም ይግዙ። የሲሊንደሯ ባዶ ክብደት አንገቷ ላይ ታትሟል። ሚዛን ላይ አውጥተው ያንን ሲቀንሱ የሚቀረው ጋዙ ነው። ስንት ኪሎ መያዝ እንዳለባትም እዚያው ይጻፋል። ካለፈ አልፏል፣ "ለአንተ ብዬ ነው" አይሠራም። ጽሑፉ በዝገት ከጠፋ ደግሞ ያቺ ሲሊንደር ጡረታዋ ደርሷል። ቀለም ቀብተው "አዲስ ናት" አይበሉን።

ከእርስዎ ሦስት በር አለፍ ብሎ ያለው ቡና ነጋዴ አሮጌ ሚዛኑን ሊሸጥ ነው። ዋጋውን ጠይቄልዎታለሁ፣ ይቀንስልዎታል። ጠዋት ይሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ጫቱን ይዞ ከተቀመጠ ለሻጭም ለገዢም አይነሳም።

ከአክብሮት ጋር፣
በሁለት እጁ ሲሊንደር፣ በአንድ ዓይኑ የእርስዎን ክብሪት የሚጠብቅ ደንበኛዎ
ጅማ