ከቃለ ጉባኤው ያወጣሁት ግማሽ ገጽ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው። የተቆጣሁት በእናንተ ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ስትጨርሱ ታውቁታላችሁ።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ የሰፈራችን ሰው ለስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው ውሃ ነበር። የምንኖረው አዲስ አበባ ውስጥ ዳገት ላይ ነው። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ተብሎ የተጀመረው እየራቀ ሄዶ በሦስት ሳምንት አንዴ ሆነ። እሱም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እንደ ክር ቀጥኖ። እናቶች ባልዲ ደቅነው ቁጭ ብለው ያድራሉ። ሮቶ ያለው ከቦቴ ያስገለብጣል። የሌለው ቢጫ ጄሪካኑን ይዞ ታች ሰፈር ይወርዳል። አንዲት ጎረቤታችን የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና፣ በዚያ ክረምት ጭቃ ላይ ከነጄሪካኗ ወድቃለች። እሷም ልጇም ተርፈዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አዳራሹ ሞላ። የውሃው ኃላፊ አንድ ሰዓት ተኩል አርፍዶ መጣ። ስለ እሱ የማውቀውን ልንገራችሁ። ክፉ ሰው ነው ልላችሁ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ እያለ የፓርቲ አባል ሆነ። ሲመረቅ በተማረበት ሙያ አንድ ቀን እንኳ አልሠራም። ወጣት ሊግ ገባ፣ ከዚያ ምደባ፣ ከዚያ ሌላ ምደባ። ከውሃው በፊት ስፖርት ላይ ነበር። ከስፖርቱ በፊት ንግድ ላይ። አራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሦስት ወንበር ላይ ተቀምጧል። የሚኖርበት ቤት ከሹመቱ ጋር የመጣ ነው። መኪናውም እንደዚያው። ነገ "ተነስተሃል" ቢሉት፣ ሰኞ ጠዋት የሚገባበት ሥራ የለውም።

ሃምሳ ደቂቃ ያህል ተናገረ። አቅጣጫ ተቀምጧል አለ። በልዩ ትኩረት እየተሠራ ነው አለ። ርብርብ አለ። ውሃው መቼ እንደሚመጣ ግን አልነገረንም። ከዚያ ለነዋሪው ዕድል ተሰጠ።

መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት ጋሼ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ሰባ አልፏቸዋል። 31 ዓመት የውሃ መስመር ሲዘረጉና ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከኮታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ የደብተር ወረቀት አወጡ። መስመሩን በእስክሪፕቶ ሥለውታል።

"ልጄ፣ ውሃው አላነሰም" አሉት። "ታች መንገዱ ሲሰፋ መስመራችን ተነስቶ እንደገና ተቀጥሏል። የተቀጠለው በጠባብ ቧንቧ ነው። እዚያው ያለው ቫልቭ ደግሞ በደንብ አልተከፈተም። ሁለት ሰው ስጡኝና ቦታውን ላሳያችሁ።"

ኃላፊው አላስጨረሳቸውም። "አባባ፣ ይሄ የቴክኒክ ስብሰባ አይደለም። ከአጀንዳ አይውጡብን" አላቸው። ቀጥሎም ሕዝቡን ከመንግሥት ጋር ለማጋጨት ስለሚፈልጉ ኃይሎች ማውራት ጀመረ። አንድ ልጅ መጥቶ ማይኩን ከጋሼ እጅ ወሰደ። እሳቸው ወረቀታቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላም ተከተለ። ኃላፊው ንግግሩን ሲጨርስ አዳራሹ አጨበጨበ።

እናንተ ስታጨበጭቡ አይቻለሁ። ጀሪካን ተሸክማችሁ የምትወጡት፣ ሌሊት ስትነሱ የማገኛችሁ ሰዎች። ጋሼ ወረቀቱን እንደነበረ አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ተቀመጡ። አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ያቺን ዕለት ይቅር ማለት አልቻልኩም።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርኩ። ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ሁልጊዜ የምመረጠው እኔ ነኝ። ጋሼ ሲናገሩ ሁሉንም ጽፌ ነበር። ቧንቧውን፣ ቫልቩን፣ ቦታውን፣ ግማሽ ገጽ ሙሉ። ስብሰባው ሲያልቅ የኃላፊው ረዳት መጣና አነበበው። "ይቺን ብትተዋት ይሻላል፤ ሪፖርቱን ታበላሽብናለች" አለኝ። አልጮኸብኝም። አላስፈራራኝም። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ሄደ።

ገጹን ቀደድኩት። በሌላ ገጽ ላይ "ነዋሪው በተሰጠው ማብራሪያ መርካቱን ገልጾ ስብሰባው በሙሉ መግባባት ተጠናቋል" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበት። ጎመን በጤና ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ እጅ መታጠቢያ ውሃ የለም አለችኝ።

ከአስር ወር በኋላ፣ በ2016 ግንቦት፣ ሌሎች ሠራተኞች መጥተው ቆፈሩ። ያገኙት ጋሼ ያሉትን ነው። ቧንቧው ተቀየረ፣ ቫልቩ ተከፈተ። ሥራው የፈጀው ሁለት ቀን ነው። ሁለት ቀን! ኃላፊው ያኔ የለም። ተመድቦ ሄዷል። አሁን የትምህርት ኃላፊ ሆኗል ይላሉ።

ፖለቲካን እንጀራው ያደረገ ሰው ጥሩ መሪ ይወጣዋል ወይ? ብዙ አሰብኩበት። ፖለቲካ ራሱ ሙያ መሆኑን አልክድም። ማደራደር፣ መታገሥ፣ ሕግ ማርቀቅ በአንድ ጀምበር የሚለመድ ነገር አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ፖለቲካ ውስጥ የኖረ ሁሉ መጥፎ ነውም አልልም። ፕሮፌሰር መረራ ጉዲና ፖለቲካ ውስጥ አርጅተዋል። ሐሳባቸውን የሚወድም የማይወድም አለ። ግን ለረጅም ዓመታት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ በራሳቸው ላብ የሚያድሩበት ሙያ ነበራቸው። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ፖለቲካ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ዳኛ ነበሩ። በሙስና ተከሰው የነበሩት የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ የወሰኑት ያኔ ነው። ሰውዬው ወዲያው ተመልሰው ታሰሩ። ውሳኔው ግን የዳኛዋ ነበር፤ ማንም ሊያስለውጣቸው አልቻለም።

እኔን የሚያስፈራኝ መመለሻ የሌለው ሰው ነው። ቤቱ፣ ደመወዙ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት በአንድ የምደባ ደብዳቤ ላይ የተንጠለጠለ ሰው እንዴት ብሎ "ይሄ ስህተት ነው" ይላል? ያ ወጣት የጋሼን ወረቀት ቢቀበል ኖሮ፣ በሚቀጥለው ግምገማ "ለምን ቀድመህ አላወቅክም?" ሊባል ነው። ስለዚህ ሽማግሌውን ማሳፈር ቀለለው። ዓይኑ የመደቡት ሰዎች ላይ ነበር፤ እኛ ከጀርባው ነበርን።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ ነው ይላል። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን ያነበብኩት ከዚያ ስብሰባ በኋላ ነው። በዚህ ዕድሜዬ! በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ሲወስዱ፣ እኔ ቴሌቪዥን ፊት ቡና እየጠጣሁ ነበር። ዓመት ሳይሞላ አገሩ በተቃውሞ ሲናጥ "ምን ነካቸው?" ካሉት ውስጥ ነበርኩ።

በጣም የሚያናድደኝ ግን፣ እንዲህ መሆናችን ሳናውቅበት ቀርተን አለመሆኑ ነው። ዕድራችንን ተመልከቱ። ዳኛችን ልብስ ሰፊ ነው። ከዕድሩ ሳንቲም አያገኝም። ዳኝነቱን ነገ ብንወስድበት ማክሰኞ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ሱሪ ያሳጥራል። አምና የድንኳን ማስጠገኛ 3,400 ብር ደረሰኝ ጠፍቶ እስከ ማታ አፋጥጠነዋል። እሱም አልተቆጣም። ቤቱ ሄዶ ፈልጎ አመጣው። ያን ዕለት ከሁሉ በላይ የጮኸችው ሴትዮ፣ በውሃው ስብሰባ ላይ ከፊት ተቀምጣ ያጨበጨበችው ናት። ለድንኳን ደረሰኝ የጠየቀ አፍ ለውሃ ሲሆን ማን ለጎመው?

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ስንል ልጆቻችን እየሰሙ ነው ያደጉት። እኔም ቤት ተብሏል። አባቴ ሲለው ስቄያለሁ። ለልጄ "ባለሥልጣን ሁንልኝ" ብዬ መርቄያለሁ፤ ምን ሥራ ሠርተህ አላልኩትም። ያ ወጣት የእኛው ልጅ ነው። ምርቃታችን ደርሶ ነው ያየነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ጋሼ ቤት ሄድኩ። የቀደድኳትን ግማሽ ገጽ አልጣልኳትም ነበር። መሳቢያ ውስጥ ነበረች። ሰጠኋቸውና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እንባዬ መጣ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"እዚህ ጋ ተሳስተሃል" አሉኝ በጣታቸው እያሳዩ። "ሁለት ኢንች አላልኩም። አንድ ተኩል ነው።"

እስክሪፕቶ ተቀብለው አረሙትና መለሱልኝ።

የፊታችን እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ። አጀንዳው የመንገድ መብራት ነው። የሚመራው ሌላ ተመዳቢ ነው ተብሏል። ብዙ ነገር ይለወጣል ብዬ ራሴን አላታልልም፤ ደክሞኛል። ቃለ ጉባኤ ከያዝኩ ግን የተባለውን ሁሉ እጽፋለሁ። ማንም መጥቶ ትከሻዬን ቢመታ፣ እናንተ አጠገቤ ሁኑ። ሽማግሌ ሲናገር አትሳቁ። ያልተመለሰ ጥያቄ ካለ ጭብጨባችሁን ያዙት።

ጋሼን ይምጡ ብያቸዋለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፣ እናያለን አሉኝ። ከፊት በኩል ወንበር እይዝላቸዋለሁ።