ለካርቱን መልክ ሶፍትዌር ስትመርጡ መስመሩን አስቀድሙ

በእጅ የተሳለ የሚመስል ስሪዲ መሥራት የሚፈልግ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው "የትኛው ሬንደረር (ሞዴሉን ወደ መጨረሻው ምስል የሚቀይረው ሶፍትዌር) ይሻላል?" ብሎ ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ ያው ነው። ስሙ የገነነውን ያዝ፣ ውስጡ ቱን የሚባል ሼደር (የገጹን ቀለምና ጥላ የሚወስን ቅንብር) አለ፣ እሱን አድርግበትና ጨርስ ይሉታል። እኔ በዚህ ምክር አልስማማም። ብዙዎችን ሲያደክም አይቻለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ የሚወጣው ፕላስቲክ የሚመስል፣ ዙሪያው እኩል ውፍረት ባለው ጥቁር መስመር የታጠረ ምስል ነው።

ችግሩ ከሥር ነው የሚጀምረው። አርኖልድም ሆነ ሳይክልስ ወይም ቪሬይ የሚባሉት ሬንደረሮች፣ ሁሉም በዋናነት የተሠሩት ብርሃን በእውነተኛው ዓለም እንዴት እንደሚነጥር ለማስላት ነው። በዚህ ጎበዞች ናቸው። ካርቱን ግን የብርሃን ስሌት አይደለም። ሠዓሊው አፍንጫ ሥር ጥላ የሚያስቀምጠው ፊቱ እንዲነበብለት ብሎ ነው፤ ፀሐይዋ የት እንዳለች እንኳ ላያስብ ይችላል። መስመሩን አንድ ቦታ ያወፍራል፣ አንድ ቦታ ያቀጥናል፣ ሌላ ቦታ ጭራሽ ይተወዋል። ስለዚህ ከፍጥነትም ከዝናም በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ማሽኑ ያወጣውን መስመርና ጥላ በእጄ መሻር እችላለሁ ወይ?

ከመስመር እንጀምር። ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና።

መስመር ማውጫ መንገዶች በጥቅሉ ሦስት ናቸው። አንደኛው ሞዴሉን መቅዳት፣ ቅጂውን በትንሹ ማሳበጥ፣ ገጾቹን ወደ ውስጥ መገልበጥና ጥቁር መቀባት ነው። ጌም ሠሪዎች ይሄን ይወዱታል። ፈጣን ነው፣ ውፍረቱንም በየቨርቴክሱ (በየሞዴሉ ነጥብ) መወሰን ስለሚቻል አገጭ ላይ ወፈር፣ ከንፈር ዳር ቀጠን ማድረግ ትችላላችሁ። ግን የሚሰጣችሁ በዋናነት የዙሪያውን መስመር ነው። የልብስ እጥፋትና የመዳፍ መስመር ከፈለጋችሁ ለብቻ መሳል ይጠበቅባችኋል።

ሁለተኛው ምስሉ ላይ የሚሠራው ነው። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ፒክስል ከጎረቤቱ ጋር ያነጻጽራል፤ ርቀቱ ወይም የገጹ አቅጣጫ በድንገት ከተቀየረ እዚያ ላይ መስመር ያሰምራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ ሳይቶና ታካሃሺ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ1990 ያቀረቡት ነው። የአርኖልድ ኮንቱር ፊልተር ከዚህ ወገን ነው። ቅልጥፍና አለው፣ ሞዴሉን መንካት አያስፈልግም፣ ለቴክኒክ ሥዕል ወይም ለምርት ማሳያ ደግሞ በጣም ንጹሕ ነው። ለገጸ ባሕርይ ግን አልወደውም። እንዲህ ያለው መስመር መነሻና መድረሻውን አያውቅም፤ የጎን ለጎን ፒክስሎች ድምር ነው። ሰው ሲስል እኮ እጁ ይጫናል፣ ይላላል፣ ጫፉ ላይ ይሾላል። በዚህ መንገድ ያንን ማምጣት ጭንቅ ነው። ዛፍ ወይም ፀጉር ሲመጣማ መስመሮቹ ተደራርበው ጥቁር ጉድፍ ይሆናሉ። መስመሩ እንዲጠራላችሁም የካሜራውን ሳምፕል (ለአንድ ፒክስል የሚወሰደውን የናሙና ብዛት) ከፍ ማድረግ አለባችሁ፣ የሬንደር ሰዓቱም አብሮ ይወጣል።

ሦስተኛው መንገድ ጠርዞቹን ከራሱ ከሞዴሉ ፈልጎ አያይዞ አንድ ወጥ ጭረት ያደርጋቸዋል። ጭረቱ መነሻ አለው፣ መድረሻ አለው። ስለዚህ ጫፉን ማሾል፣ ትንሽ ማንቀጥቀጥ፣ ማእዘን ላይ ትንሽ አሳልፎ ማስቆም ይቻላል። ብሌንደር በሚባለው የስሪዲ ሶፍትዌር ውስጥ ፍሪስታይል የተባለው መሣሪያ ይሄን ከ2013 ጀምሮ ይሠራል፤ በ2021 ደግሞ በ2.93 ስሪት ላይን አርት መጣ። ላይን አርትን የምወድበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሚያወጣው መስመር የግሪስ ፔንስል (የብሌንደር የእጅ መሳያ መሣሪያ) መስመር ስለሆነ፣ ቤክ ካደረጋችሁት (ወደ ቋሚ ጭረት ከቀየራችሁት) በኋላ ያልወደዳችሁትን ታጠፋላችሁ፣ የጎደለውን በእጃችሁ ትጨምራላችሁ። ማያና ስሪዲ ማክስ ለሚባሉት የስሪዲ ሶፍትዌሮች የሚሠራው የጃፓኖቹ ፔንስል ፕላስም በመስመር ቁጥጥሩ የተመሰገነ ነው። የዚህ መንገድ ጉዳቱ ጊዜ ነው። ከባድ ትዕይንት ላይ ፍሪስታይል ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ወደ ጥላ ስንመጣ፣ ብሌንደር ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ከብሌንደር ሬንደረሮች ሳይክልስ ጥራት ያለው፣ ኢቪ ደግሞ ለቸኮለ ሰው የሚሆን ተደርጎ ይወሰዳል። ለካርቱን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው! ብርሃኑን ወደ ቀለም ቀይራችሁ በከለር ራምፕ (ቀለምን በደረጃ በሚከፍለው መሣሪያ) ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ ላይ እንድትቆርጡት የሚያደርገው ሼደር ቱ አርጂቢ የሚባለው ኖድ (ሼደር የሚገነባበት ክፍል) የሚሠራው ኢቪ ላይ ብቻ ነው። ሳይክልስ የራሱ ቱን ሼደር አለው፣ ግን ውጤቱን እንዲህ ቆርጣችሁ እንደፈለጋችሁ አታደርጉትም። ስለዚህ ከኢቪ ጀምሩ፣ ማንም አያሳፍራችሁ።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። የመረጣችሁት ደማቅ ቀይ ሬንደር ላይ ደብዝዞ ከወጣ ሼደሩን አትውቀሱ። ብሌንደር ከ2.80 ጀምሮ ፊልሚክን፣ ከ4.0 ጀምሮ ደግሞ ኤጂኤክስን ነባሪ የቀለም ማሳያ አድርጓል። ሁለቱም ለእውነታዊ ብርሃን የታሰቡ ናቸው። ወደ ስታንዳርድ መልሱት፣ ቀለማችሁ እንደመረጣችሁት ይወጣል።

ፊት ግን ከሁሉም ይከብዳል። ጥላውን ሁለት ደረጃ ላይ ስትቆርጡት ጉንጭና አፍንጫ ላይ የተቆራረጠ፣ አስቀያሚ ቅርጽ ይወጣል። እዚህ ላይ ጊልቲ ጊር ኤክስአርዲ የተባለውን የ2014 ጌም ማንሳት ግድ ነው። የሠራው አርክ ሲስተም ዎርክስ የተጠቀመው አንሪል ኢንጂን 3 የተባለውን የጌም መሥሪያ ነው፣ ማለትም ለካርቱን ተብሎ ያልተሠራ ኢንጂን። ሠሪዎቹ የሞዴሎቹን ኖርማል (ገጹ ወዴት እንደሚመለከት ለብርሃኑ የሚነግረውን አቅጣጫ) በእጅ አስተካከሉ። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱን ብርሃን ሰጡት። እንቅስቃሴውንም ኮምፒውተሩ በኪፍሬሞች (በተወሰኑት ዋና ዋና አቋሞች) መካከል እንዲያለሰልሰው አልፈቀዱም፣ እያንዳንዱን አቋም ራሳቸው ወሰኑ። ጌሙን ስታዩት በእጅ የተሳለ የሚመስላችሁ ለዚህ ነው። ኢንጂኑ ተአምር አልሠራም፤ እነሱ ግን በየደረጃው እጃቸውን ማስገባት ችለዋል። ሶፍትዌር ስትመርጡ የምትፈልጉትም ይሄንኑ በር ነው።

ስለ እንቅስቃሴ ካነሳን፣ አንድ ሬንደረር ማሳያ ላይ ያለው የቆመ ሥዕል አያታልላችሁ። በእጅ የሚሳል አኒሜሽን ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 12 ሥዕል ነው፣ በ24 ፍሬም ላይ እያንዳንዱ ሁለቴ እየታየ። እናንተ በ24ቱም ላይ አዲስ መስመር ካወጣችሁ መስመሩ ይርገበገባል፣ እንቅስቃሴውም ከመጠን በላይ ይለሰልሳል። የብሩሽ መልክ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ጭረቱ ገጹ ላይ መጣበቁን አረጋግጡ። ስክሪኑ ላይ ከተጣበቀ ገጸ ባሕርይው በሻካራ መስታወት ጀርባ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ባርባራ ማየር የተባለች ባለሙያ ጭረቶቹን ከሞዴሉ ገጽ ጋር በማያያዝ መፍትሔ ያሳየችው በ1996 ነው፤ ዛሬም ይሄን የማያደርግ መሣሪያ ለብሩሽ መልክ አልመክርም።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ወይም ለትንሽ ቡድን ብሌንደር፣ ከኢቪና ከላይን አርት ጋር። ነፃም ነው። ማያ ላይ ሥራቸውን የዘረጉ ፔንስል ፕላስን ይሞክሩ፣ ሬንደርማን በሚባለው ሬንደረር የሚሠሩ ደግሞ በ2021 ከስሪት 24 ጋር የመጣውን ስታይላይዝድ ሉክስ የተባለ መሣሪያ። ጌም ከሆነ በምትሠሩበት ኢንጂን ውስጥ የራሳችሁን ሼደር ጻፉ፣ መስመሩን በተገለበጠው ቅጂ አውጡት።

ከመወሰናችሁ በፊት ግን በኳስ ላይ አትሞክሩ፣ ኳስ በሁሉም ሶፍትዌር ያምራል። የራሳችሁን ገጸ ባሕርይ ፊት አምጡ፣ አንገቱን ከግራ ወደ ቀኝ አዙሩት፣ ፍሬም በፍሬም እዩት። ከዚያ አንድ ያልወደዳችሁትን መስመር ለማጥፋት ሞክሩ፣ አንድ ጥላም ወደፈለጋችሁበት ግፉ። ብሌንደርን ከያዛችሁ ደግሞ ሥራ መሃል ላይ ስሪት አትቀይሩ። ኢቪ በ4.2፣ ግሪስ ፔንስል በ4.3 እንደገና ተጽፈዋል፣ ሁለቱም በ2024። የድሮ ፋይላችሁ በአዲሱ ስሪት ሲከፈት መልኩ ተቀይሮ ሊጠብቃችሁ ይችላል።