አሮጌው መለስተኛ ሽጉጥ ከወገብ ይውረድ?

እ.ኤ.አ. በ2018 ሲግ ሳወር ፒ365 የተባለውን ሽጉጥ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ከኪስ ሽጉጥ ብዙም የማይበልጥ መሣሪያ አሥር ጥይት ሊይዝ እንደሚችል አሳየ። ሌሎቹ ፋብሪካዎችም ጊዜ አልወሰዱም፤ በ2019 ስፕሪንግፊልድ ሄልካትን፣ ግሎክ ደግሞ 43ኤክስን አወጡ። ከዚያ ወዲህ ሕግ ፈቅዶለት ሽጉጥ ከልብሱ ሥር ደብቆ ለሚታጠቅ ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ሆኗል። ከ1980ዎቹና ከ1990ዎቹ የተረፈ፣ ብረቱ የከበደ፣ ካዝናው ስምንት ጥይት ብቻ የሚይዝ መለስተኛ ሽጉጥ ለሰብሳቢ እንጂ ለዕለት ትጥቅ አይሆንም ይባላል። ምክሩ ከፊል እውነት አለው፤ መመዘኛው ግን የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ሽጉጥ ለዕለት ትጥቅ መብቃቱን የሚወስነው የተሠራበት ዘመን ወይም የጥይቱ ብዛት አይደለም። ጥይት ጎርሶ ወገብ ላይ ሲውል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የማይባርቅ፣ ባለቤቱ ሲፈልገው ደግሞ ሳያንገራግር የሚተኩስ መሆኑ ነው የሚወስነው።

በመጀመሪያ «አሮጌ» የሚባለው የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ግሎክ 19 ለገበያ የቀረበው በ1988 ነው፤ መሠረታዊ አሠራሩም እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ ሆኖም አሮጌ ነው ብሎ የሚያጣጥለው ሰው የለም። ከእሱ ስምንት ዓመት ዘግይቶ በ1996 የወጣው ሲግ ሳወር ፒ239 ግን የአያት መሣሪያ ተደርጎ ይታያል፤ ምርቱም የቆመው ፒ365 ብቅ ባለበት በዚያው በ2018 ነው። እንግዲህ በሰው አፍ «አሮጌ» ሲባል ከዓመቱ ይልቅ የብረት አካልና በውጭ የሚታይ መዶሻ (መቺ መርፌውን የሚመታው ብረት) ያለው ማለት ነው። በዚህ ስም ሥር ግን በባሕርያቸው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ወገኖች አብረው ተደባልቀዋል፤ ክርክሩ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ወገን በ1931 የወጣው ዋልተር ፒፒኬና በ1951 በሶቪየት ጦር የተመረጠው ማካሮቭ የሚገኙበት ነው። በእነዚህ ሽጉጦች ላይ አፈሙዙ ከታችኛው አካል ጋር ተጣብቆ የማይንቀሳቀስ ሲሆን፣ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት በተኩስ ጊዜ የሚቆልፈው ምንም ነገር የለም፤ የባሩዱን ግፊት የሚመክተው የብረቱ ክብደትና የሞላው ጥንካሬ ብቻ ነው። አፈሙዙ ስለማይነቃነቅ ኢላማ ላይ ጥሩ ናቸው፤ የሚበላሽ ብዙ ክፍልም የላቸውም። ዋጋው ግን እጅ ላይ ይከፈላል። ማካሮቭ ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል፤ ስምንት ጥይት ይይዛል፤ ጥይቱ የሚሰጠው ኃይል 300 ጁል ያህል ብቻ ነው። ዛሬ 500 ግራም የሚመዝነው ፒ365 ደግሞ 450 ጁልና ከዚያም በላይ የሚሰጠውን የዘጠኝ በአሥራ ዘጠኝ ጥይት፣ ማለትም የተለመደውን የዘጠኝ ሚሊ ሜትር ጥይት፣ ይተኩሳል። በማካሮቭ ላይ ርግጫው፣ ማለትም ሲተኮስ እጅን ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል፣ ለጥይቱ አቅም የማይመጥን ስለታም ነው፤ ሞላውም ጠንካራ ስለሆነ እጁ የደከመ ሰው ለማቀባበል ይቸገራል።

በዚህ ላይ ካዝናውን የሚለቀው ማንሻ እጀታው ግርጌ ላይ ስለሆነ ካዝና ለመለወጥ ሁለተኛው እጅ ማንሻውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ያንኑ ካዝና ጎትቶ ማውጣት ይኖርበታል። የጥይቱ ነገርም አለ፤ የማካሮቭ አረር ውፍረት 9.27 ሚሊ ሜትር ሲሆን የተለመደው የዘጠኝ ሚሊ ሜትር ጥይት አረር ደግሞ 9.02 ገደማ ስለሆነ፣ በስም ቢመሳሰሉም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መቺ መርፌው ነው። በማካሮቭ ውስጥ መርፌው ያለ ምንም ማገጃ ልቅ ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ ጥይት የጎረሰው ሽጉጥ በአፈሙዙ በኩል ጠንካራ ወለል ላይ በኃይል ቢወድቅ መርፌው በራሱ ክብደት ወደፊት ተወርውሮ የጥይቱን ቂጥ ሊመታ ይችላል። ዕድሉ ጠባብ ነው። ቢሆንም ጠዋት ታጥቆ ማታ ለሚፈታ፣ በየቀኑ ለሚቀመጥና ለሚነሳ ሰው ጠባብ ዕድል በዓመታት ብዛት ይሰፋል። ስለዚህ ለማካሮቭና ለመሰሎቹ ክብር ቢኖረኝም፣ ዛሬ አዲስ ለሚጀምር ሰው እንዲታጠቃቸው አልመክርም።

ሁለተኛው ወገን ሌላ ነው። ሲግ ሳወር ፒ228 እና ፒ239፣ የስሚዝ ኤንድ ዌሰኑ 3913 እና መሰሎቻቸው የዘጠኝ በአሥራ ዘጠኝ ጥይት የሚተኩሱ፣ አፈሙዛቸው በተኩስ ቅጽበት ከተንሸራታቹ ጋር የሚቆለፍ፣ ቃታው እስኪሳብ ድረስ መቺ መርፌውን አግዶ የሚይዝ ክፍል ያላቸው ናቸው። በአሠራር ረገድ ከዛሬዎቹ ጋር የሚያለያያቸው ዋናው ነገር ቃታቸው ነው፤ እንደ እኔ ግምት ደግሞ ለስውር ትጥቅ የሚበልጡት በዚሁ ነው።

መዶሻ በሌላቸው የዘመኑ ሽጉጦች ላይ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ጥይት የሚተኮሰው በአንድ ዓይነት ቀላል የቃታ ስበት ነው፤ በግሎክ ላይ ይህ 2.5 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በእነ ፒ239 ላይ ግን የመጀመሪያው ስበት ረጅምና ከባድ፣ ወደ 4.5 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሲሆን፣ መዶሻው ከተነሣ በኋላ የሚከተሉት ጥይቶች በ2 ኪሎ ግራም አካባቢ ይተኮሳሉ። ይህ ልዩነት ትርጉም የሚያገኘው በተኩስ ሰዓት ብቻ አይደለም። ደብቆ ለሚታጠቅ ሰው አደገኛው ቅጽበት ሽጉጡን ወደ ማህደሩ የሚመልስበት ነው፤ የሸሚዝ ጫፍ፣ የጃኬት ማጥበቂያ ገመድ ወይም የለሰለሰ የቆዳ ማህደር ከንፈር ወደ ቃታው ቀለበት ሊገባና ሽጉጡ ወደ ታች ሲገፋ ቃታውን ሊስብ ይችላል። ባለ መዶሻ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው አስቀድሞ መዶሻውን ሳይተኩስ በሚያወርደው ማንሻ ያወርዳል፤ ከዚያም አውራ ጣቱን መዶሻው ላይ ጭኖ ቀስ ብሎ ይከተዋል። አንዳች ነገር ቃታውን ከነካው መዶሻው ከጣቱ ሥር ወደ ኋላ መነሣት ሲጀምር ይሰማዋል፤ በዚያው ያቆማል፤ አውጥቶም ያያል። መዶሻ የሌለው ሽጉጥ ይህን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ሽጉጥ ወገብ ላይ ባረቀ ሲባል በሰማሁ ቁጥር የማስበው ይህቺን አውራ ጣት ነው።

ጉድለቱን መሸሸግ ግን አይገባም። ከባዱ የመጀመሪያ ስበት አፈሙዙን ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ይጎትታል፤ ቀላሉ ሁለተኛ ስበት ደግሞ ያልጠበቀውን ሰው ያስደነግጣል። ልምምዱን የሚያሰንፍ ሰው የመጀመሪያዋን ጥይት በተደጋጋሚ ከኢላማው ሥር ሲያሳርፍ ይታያል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ፣ ጥይቱ ከሚለማመዱበት ክፍል ውጭ ተቀምጦ፣ ረጅሙን ስበት ብቻ ደጋግሞ መለማመድ ነው። ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው ቢተወው ይሻለዋል፤ አሮጌውንም አዲሱንም።

ስለ ክብደትና ስለ ጥይት ብዛት ብዙ ተብሏል፤ እኔ ብዙ አልልም። ፒ239 ከነባዶ ካዝናው 800 ግራም ያህል ነው፤ ስፋቱም ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ፒ365 በ300 ግራም ያህል ይቀላል፤ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማም ይቀጥናል። በስስ ልብስ ላይ ይህ ልዩነት ዓይን ይገባል፤ አካሉ ቀጭን ለሆነ ሰው አዲሱ እንደሚሻል አልክድም። ለሌላው ግን ጠንካራ ቀበቶ አብዛኛውን ሸክም ይወስዳል፤ ያ ተጨማሪ ብረትም ርግጫውን ስለሚውጥ ሁለተኛው ጥይት ቶሎ ኢላማውን ያገኛል። በስምንትና በአሥር ጥይት መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ጥይት ነው፤ ሰው የለመደውን መሣሪያ ለመጣል በቂ ምክንያት አይመስለኝም።

በቂ ምክንያት የሚሆነው የሽጉጡ ጤንነት ነው። ሠላሳ ዓመት የሆነው ሽጉጥ ላይ ብረቱ ቀድሞ አያልቅም፤ የሚደክመው ሞላው ነው። ዋናው የመልስ ሞላ እንደ ሽጉጡ ዓይነት ከ3000 እስከ 5000 ጥይት በኋላ መለወጥ አለበት፤ የደከመ ሞላ ተንሸራታቹ አካሉን በኃይል እንዲመታ ስለሚያደርግ ጉዳቱ ወደ ሌላውም ክፍል ይዛመታል። የካዝና ሞላን በተመለከተ ብዙ ሰው ጥይት ሞልቶ ማስቀመጥ ያበላሸዋል ብሎ ይፈራል፤ ጥሩ ሞላን ይበልጥ የሚያደክመው ግን ተጨቆኖ መቀመጡ ሳይሆን መሞላትና መውጣት መመላለሱ ነው። ይልቅ መታየት ያለበት የካዝናው ከንፈር ነው፤ ሁለቱ የብረት ጠርዞች ጥቂት ከተከፈቱ ወይም ካዝናው ወድቆ አንደኛው ከተጣመመ ጥይቱ አንገቱን ቀና አድርጎ ይቀረቀራል። ፋብሪካው ማምረት ባቆመለት ሽጉጥ ላይ ጥሩ ካዝናና ሞላ ዛሬም የሚገኝ ከሆነ አሁኑኑ ገዝቶ ማስቀመጥ ይገባል። የማይገኝ ከሆነ ሽጉጡ ምንም ያህል ቢያምር የዕለት ትጥቅነቱ አብቅቷል።

በጨለማ የሚያበሩት ማነጣጠሪያዎችም ይረሳሉ። ብርሃናቸውን የሚሰጠው ትሪቲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ጋዝ በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በ1990ዎቹ ማብቂያ የተገጠመ ማነጣጠሪያ ዛሬ የቀረው ብርሃን ከሩብ ያነሰ ነው። ባለቤቱ ቀን ቀን ብቻ ስለሚለማመድ መጥፋቱን ላያውቅ ይችላል። መብራት አጥፍቶ ባዶውን ሽጉጥ ማየት በቂ ነው፤ ማነጣጠሪያውን ማስለወጥም ከባድ ሥራ አይደለም።

ጥይቱን በተመለከተ ዘመኑ ለአሮጌው ሽጉጥ የሠራው ውለታ አለ። በ1986 ማያሚ ውስጥ ሁለት የኤፍቢአይ ባልደረቦች ከተገደሉበት የተኩስ ልውውጥ በኋላ ድርጅቱ አረሮችን የሚፈትንበትን መንገድ አጠበቀ፤ ሥጋን ተክቶ በሚፈተንበት ጄላቲን ውስጥ ከ30 እስከ 46 ሴንቲ ሜትር ዘልቆ መግባትም የታወቀ መለኪያ ሆነ። ድርጅቱ ለጊዜው ወደ ተለቅ ያሉ ጥይቶች ቢሄድም፣ ጫፋቸው ጎድጓዳ የሆኑት የዘጠኝ ሚሊ ሜትር አረሮች በመሻሻላቸው በ2010ዎቹ አጋማሽ ወደ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ተመለሰ። ይህ መሻሻል ሽጉጥ አይመርጥም፤ የ1996ቱ ፒ239 ያንኑ ጥይት ይተኩሳል። ጥንቃቄ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አንዳንድ የቆዩ ሽጉጦች የተሠሩት ጫፉ ድቡልቡል ለሆነ አረር ስለሆነ ጎድጓዳውን ሲያጎርሱ ያደናቅፋቸዋል። ስለዚህ ሽጉጡ በርካሽ የልምምድ ጥይት አልተቀረቀረም ማለት ምንም አያረጋግጥም፤ መፈተን ያለበት በሚታጠቁት ጥይትና በሚታጠቁት ካዝና ነው።

አዲስ መሆን በራሱ ዋስትና እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በ2017 የሲግ ሳወር ፒ320 በተወሰነ አቅጣጫ ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል በሙከራ ከታየ በኋላ፣ ኩባንያው ሽጉጦቹን በነፃ የማሻሻል ፕሮግራም ለመክፈት ተገድዷል። ሠላሳ ዓመት በብዙ እጅ የተፈተነ አሠራር እንከኑ ቀድሞ የታወቀ ነው።

ለአዲሱ ወገን የሚቀርበው ጠንካራ ክርክር፣ ብዙዎች የማያነሡት፣ ዓይን ይመስለኛል። ሽጉጡን በጎልማሳነቱ የገዛ ሰው አብሮት አርጅቷል፤ ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ በክንድ ርቀት ያለችው የፊት ማነጣጠሪያ ትደበዝዛለች። ብዙዎቹ የዘመኑ ሽጉጦች ቀይ ነጥብ የምታሳይ መነጽር የሚቀበል ቦታ ተቀርጾላቸው ይወጣሉ፤ በእሷ የሚያነጣጥር ሰው ዓይኑን ከኢላማው ማንሣት አያስፈልገውም። የአሮጌውን ተንሸራታች ቀርጾ መነጽር ማስገጠም ይቻላል፤ ግን ሥራው የባለሙያ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚስማማ ማህደር ማግኘትም ሌላ ፍለጋ ነው። የፊት ማነጣጠሪያውን አጥርቶ ማየት የተሳነው ሰው ስለ ቃታና ስለ መዶሻ የተናገርኩትን ሁሉ ትቶ ወደ አዲሱ ቢሄድ አልቃወመውም።

አሮጌውን ይዞ ለሚቆይ ሰው የሚቀረው ትልቁ ፈተና ማሻሻል የሚሉት ልማድ ነው። ከባዱን የመጀመሪያ ስበት ለማቅለል የመዶሻውን ሞላ መቁረጥ ወይም በቀጭን መለወጥ የተለመደ ነው፤ ቃታው በእርግጥ ይለሰልሳል። ነገር ግን የላላ መዶሻ ቂጡ ጠንከር ያለ ጥይት ሲገጥመው በበቂ ኃይል ስለማይመታው ጥይቱ ይከሽፋል፤ ይህም የሚከሰተው አንዳንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ በአንድ ቀን ልምምድ ላይታወቅ ይችላል። የተቆረጠ ሞላ ያለው ሽጉጥ የገዛ ሰው በመጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው በፋብሪካው ልክ የተሠራ ሞላ ማስገባት ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ወገቡ ላይ ባያውለው ይሻላል።