«እርጅና ነው» ብሎ ማሰናበት ሕክምና አይደለም

ሰሞኑን በደብረ ማርቆስ በተደረገ አንድ የጤና ውይይት ላይ፣ እጅን የሚያንቀጠቅጠውና እንቅስቃሴን የሚያዘገየው የአንጎል ሕመም፣ የፓርኪንሰን መድኃኒት ከወረዳ መድኃኒት ቤቶች ስለ መጥፋቱ የተጠየቁ አንድ ኃላፊ «የእርጅና ነገር ነው፤ ደግሞም ውጭ አገር አዲስ ሕክምና እየመጣ ስለ ሆነ መታገሥ ይሻላል» ብለው ነገሩን ዘጉት። እንዲህ ያለው ቃል በጀት ከሚመድብ ሰው ሲወጣ አስተያየት ሳይሆን ውሳኔ ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ሕመሙ መብዛቱ አይካድም። መንሥኤው እርጅና ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን በሰማንያ ዓመታቸው ብቸና ገበያ በእግራቸው ደርሰው የሚመለሱት አባቶች ሁሉ በተንዘፈዘፉ ነበር። በዚህ ሕመም የሚሞቱት በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያስተባብር ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሕዋሳት ናቸው፤ የሚገድላቸውም ዓመት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 በካሊፎርኒያ በድብቅ የተሠራ ሰው ሠራሽ ሄሮይን የወሰዱ ወጣቶች፣ ኤምፒቲፒ የተባለ መርዝ ተቀላቅሎበት ስለ ነበር፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የዚሁ ሕመም ምልክት ይዟቸው እንደ ግንድ ደርቀው ቀሩ። ይህ መርዝ በሰውነት ውስጥ ተለውጦ የሚይዘው ቅርጽ ፓራኳት ከተባለው ፀረ አረም ጋር በእጅጉ ይቀራረባል፤ ሮቴኖን የተባለው ፀረ ተባይም በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ተመሳሳይ ጉዳት አድርሷል፤ ፀረ ተባይ ሲረጩ በኖሩ ገበሬዎች ዘንድ ሕመሙ በርከት ብሎ እንደሚታይም በርካታ ጥናቶች አመልክተዋል። እንግዲህ ከደጀን እስከ ቡሬ፣ ክረምት በገባ ቁጥር መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል፣ ነፋሱ ፊቱ ላይ እየመለሰበት የሚረጨውን ገበሬ አስቡት። ይህ ሰው ከዓመታት በኋላ እጁ መንቀጥቀጥ፣ እግሩ መጎተት ሲጀምር «አርጅተሃል» ይባላል። የጎጃምን ገበሬ የሚያንቀጠቅጠው ዕድሜው ሳይሆን የምንሸጥለት መርዝ ነው ብዬ እናገራለሁ፤ ተሳስተሃል የሚለኝ ባለሥልጣን ካለ አስቀድሞ ሕሙማኑን ይቁጠር፣ የረጩትንም ይመዝግብ።

«አዲስ ሕክምና» የተባለውስ? እ.ኤ.አ. በ2025 ውጤታቸው የታተመው የግንደ ሕዋስ ንቅለ ተከላ (በሞቱት ምትክ አዲስ ሕዋሳትን አንጎል ውስጥ የመትከል) ሙከራዎች የተደረጉት በጣት በሚቆጠሩ ሕሙማን ላይ ሲሆን፣ ያሳዩትም በዋናነት አደጋ የሌለው መሆኑን ነው። አንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያደርስ ቀጭን ሽቦ፣ መትከልም ቢሆን የሠለጠነ ቀዶ ሐኪምና የማያቋርጥ ክትትል ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ የሚመረጠው በአብዛኛው ሌቮዶፓ የተባለው የዚሁ ሕመም ዋና መድኃኒት ለውጥ ያሳየለት ሕመምተኛ ነው። ያልደረሰውን ተስፋ አድርጎ ያለውን መንፈግ ምን ይባላል?

ሌቮዶፓ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ፣ አንጎል እንዲደርስ ከሚረዳው ከካርቢዶፓ ጋር ተዋህዶ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ክኒን ነው። ሕመሙን አያድንም፤ ነገር ግን ሰው ቁልፉን ራሱ እንዲቆልፍ፣ ጉርሻውን ራሱ እንዲያነሣ ያደርጋል። ኃይሉ በሰዓታት ውስጥ ስለሚያልቅ በቀን ደጋግሞ መወሰድ አለበት፤ በድንገት ሲቋረጥም ከባድ የሰውነት መገተርና ትኩሳት አምጥቶ እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ለዚህ ሕመምተኛ «ታገሥ» ማለት የሚያስከትለው ይህንኑ ነውና፣ ግዥው በየዓመቱ የበጀት ትርፍራፊ መጠበቁ ቀርቶ እንደ ኢንሱሊን በቋሚነት ሊያዝለት ይገባል።