ማስተካከያ፦ «ክላየንት» የተባለው ስዊችም ያጠፋል

የሲስኮ ስዊቾችን (የመረብ ማገናኛ መሣሪያዎችን) በቪቲፒ፣ ማለትም የቪላን ዝርዝርን ከስዊች ወደ ስዊች በሚያሰራጨው ፕሮቶኮል፣ በአንድነት ስለማስተዳደር ቀደም ሲል በጻፍሁት ላይ «በክላየንት ሁኔታ ያለ ስዊች ተቀባይ ብቻ ስለሆነ የቪላን ዝርዝሩን ሊያበላሽ አይችልም» ብዬ ነበር። (ቪላን ማለት በአንድ መረብ ውስጥ ተለይቶ የተከፈለ ምናባዊ መረብ ነው።) ተሳስቻለሁ።

እውነቱ እንዲህ ነው። በቪቲፒ 1 እና 2 ስዊቾች የሚያወዳድሩት ማን ሰርቨር (ዝርዝሩን መለወጥ የሚቻልበት ስዊች)፣ ማን ክላየንት እንደሆነ ሳይሆን የማሻሻያ ቁጥርን (ዝርዝሩ በተለወጠ ቁጥር የሚጨምረውን) ነው። የዶሜን (የቪቲፒ ቡድኑ) ስምና የይለፍ ቃሉ ከተመሳሰለ፣ ቁጥሩ የሚበልጠው ያሸንፋል። ስለዚህ ከመጋዘን የወጣ አሮጌ ክላየንት ቁጥሩ 40 ሆኖ፣ ቁጥሩ 25 ከሆነ መረብ ጋር በትራንክ (የብዙ ቪላኖችን መረጃ በሚያሳልፍ መስመር) ቢገናኝ፣ ሰርቨሩ ራሱ የእንግዳውን ዝርዝር ይቀበላል። በዚያ ዝርዝር የሌሉ ቪላኖች ይሰረዛሉ፤ የእነርሱ የነበሩ ፖርቶችም ሥራ ያቆማሉ። ገመዱ እንደተሰካ ነው፤ መረጃ ግን አያልፍም።

«ቅንብሩን አጥፍቼዋለሁ» ማለትም አያድንም። የቪላን መረጃው በፍላሽ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ለብቻው ስለሚቀመጥ የመነሻ ቅንብሩ ሲሰረዝ አብሮ አይሰረዝም (ብዙዎችን የሚያስተው ይኸው ነው)። ስዊቹን ከማገናኘት በፊት ወደ ትራንስፓረንት ሁኔታ (የሌሎችን ዝርዝር ወደማይቀበልበት) አዙሮ መመለስ ቁጥሩን ዜሮ ያደርገዋል። ዜሮ መሆኑን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ይገባል።

ቪቲፒ 3 ለውጥን ከዋናው ሰርቨር ብቻ ስለሚቀበል ይህን ቀዳዳ ደፍኗል። ቀድሞ የጻፍሁት ለእርሱ ቢሆን ኖሮ ባልተሳሳትሁ ነበር።