ጊዜውን የሚያደርሰው ማን ነው?

በ2003 የቦትስዋና ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ካናኔ የተባለ ተከሳሽ ያነሳውን የሕገ መንግሥት ክርክር ውድቅ አደረገ። ምክንያቱ ሲጠቀለል፣ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ከወንጀልነት ለመሰረዝ ጊዜው ገና አልደረሰም፣ የሕዝቡ አመለካከት ስለ መለወጡም ማስረጃ አልቀረበም የሚል ነበር። በ2021 መጨረሻ እዚያው ፍርድ ቤት የተሰየሙ አምስት ዳኞች በአንድ ድምፅ ተቃራኒውን ወሰኑ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕገ መንግሥቱ ያው ነው። እስከ ሰባት ዓመት የሚያሳስረው የወንጀል አንቀጽም ያው ነው። በመካከሉ ያለፈው 18 ዓመት ነው።

በእነዚያ 18 ዓመታት ምን ተሠራ? የኤልጂቢቲኪው ሰዎች (የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች፣ ትራንስጀንደሮችና ሌሎችም) በሕግ ፊት ከሌላው እኩል እንዲቆሙ ለምንፈልግ ሁሉ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «ዘመኑ ራሱ ያመጣዋል» የሚል ነው። የሚሉት ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ ለማጽናናት ብለው ነው። እኔ ግን ልቀበለው አልችልም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የሚያቅፈው ያጣ እንቁላል ግን ስንት ቀን ቢቀመጥ አይሄድም፣ ይገማል።

ቦትስዋና ውስጥ ያቀፉት ሰዎች ነበሩ። በ2010 የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ሲሻሻል ሠራተኛን በጾታዊ ዝንባሌው ምክንያት ማባረር ተከለከለ፤ በረጅም ሕግ ውስጥ የገባች አንዲት ሐረግ ናት። በ2012 ሌጋቢቦ የተባለው የኤልጂቢቲ ሰዎች ማኅበር ልመዝገብ ብሎ ሲያመለክት ተከለከለ። ማኅበሩ ፍርድ ቤት ሲሄድ የወንጀል አንቀጹ ይሻርልኝ አላለም። ዜጎች ተሰብስበው ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ ወይስ አይችሉም፣ ይኸው ብቻ ነበር ጥያቄው። በ2014 ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ በ2016 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ይችላሉ አሉ። ይግባኝ ሰሚው በዚያው ውሳኔ ትልቅ ነገር አስቀመጠ፦ ሰው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ በመሆኑ ብቻ ወንጀለኛ አይባልም፤ ክብሩም እንደ ማንኛውም ሰው በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነው። ይህ ከተጻፈ በኋላ የ2003ቱ ፍርድ ሥሩ እየላላ ሄደ። በ2017 አንድ ትራንስጀንደር ወንድ (ሲወለድ ሴት ተብሎ የተመዘገበ) በመታወቂያው ላይ የሰፈረው ጾታ እንዲታረምለት ጠይቆ ረታ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቀጥታ የወንጀል አንቀጹን የተሟገተው። ሌጋቢቦ አሁን ሕጋዊ ሰውነት ያለው ማኅበር ስለሆነ ወደ ክርክሩ ገብቶ የባለሙያ ማስረጃ አቀረበ። በ2003 «አልቀረበም» የተባለው ማስረጃ በመጨረሻ የሚያቀርበው አገኘ ማለት ነው። በ2019 ሦስት ዳኞች በአንድ ድምፅ አንቀጹን ሻሩት፤ መንግሥት ይግባኝ ጠየቀ፤ በ2021 ተረታ።

ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ መቅረብ ያለበት ዳኛው እምቢ ለማለት የሚያፍርበት ጥያቄ ነው። ማኅበር መመዝገብ፣ የሞተን የትዳር ጓደኛ መቅበርና መውረስ፣ ሐኪም ቤት አጠገቡ መቀመጥ፣ መታወቂያ ላይ ያለን ስሕተት ማረም። እነዚህን ለመከልከል ዳኛው «ይህ ሰው ሰው አይደለም» ወደ ማለት መጠጋት አለበት፤ ብዙ ዳኞች ደግሞ እዚያ ድረስ አይሄዱም። አንዴ «ሰው ነው፣ ዜጋ ነው» ብለው ከጻፉ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ይከብዳቸዋል።

ኬንያ ይህን በሌላ በኩል አሳይታናለች። በግንቦት 2019 የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የቅኝ ግዛት ዘመን የወንጀል አንቀጾችን አልሽርም አለ። ከባድ ሽንፈት ነበር። ያን ጊዜ ግን ሌላ መዝገብ በጎን እየተራመደ ነበር፦ የኤልጂቢቲ ሰዎች ድርጅት የመመዝገብ ክርክር። በ2015 በከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ በ2019 በይግባኝ፣ በ2023 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ረታ። ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ መዝገብ ተጠቅልለው ቢቀርቡ ኖሮ ሁለቱም አብረው ይወድቁ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

በቅደም ተከተል ሥራ ደቡብ አፍሪካን የሚስተካከል የለም። የ1996ቱ ሕገ መንግሥት ጾታዊ ዝንባሌን በስም ጠቅሶ አድልዎን ከለከለ፤ ይህን በሕገ መንግሥቷ የጻፈች የመጀመሪያዋ አገር ደቡብ አፍሪካ ናት። በእጃቸው እንዲህ ያለ ሕገ መንግሥት ይዘው እንኳ ጠበቆቹ በቀጥታ ወደ ጋብቻ አልሮጡም። በ1998 የወንጀል ሕጉን አሻሩ፤ በ1999 የውጭ አገር ተወላጅ የሆኑ የሕይወት አጋሮች የመኖሪያ ፈቃድ ጥያቄ ተከተለ፤ በ2002 የጡረታና የጉዲፈቻ መብት። በ2005 የጋብቻ ጥያቄ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ራሱ በጻፋቸው ውሳኔዎች ተከብቦ ነበር። ለፓርላማው የአንድ ዓመት ቀነ ገደብ ሰጠ፤ ሕጉም በኅዳር 2006 ወጣ። ይህ ሁሉ ሆኖ በዚያች አገር ሌዝቢያን ሴቶች ዛሬም ይደፈራሉ፣ ይገደላሉ። ፍርድ ቤት ያሸነፈ ሰው ሁሉ ከደጁ ውጪ ያሸነፈ አይደለም፤ ፖሊስ ጣቢያው አቤቱታውን በአግባቡ ካልተቀበለ ሕገ መንግሥቱ ለተደፈረችው ሴት ሩቅ ነው።

አሁን ወደ ህንድ ልሂድ፤ ከሁሉም አብልጦ ያስተማረኝ የእነሱ ሽንፈት ነው። በ1860 የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች የጻፉት የወንጀል ሕግ አንቀጽ 377 «ከተፈጥሮ ውጭ» ያለውን ግንኙነት ይቀጣ ነበር። (ይህንን አንቀጽ ወደ ብዙ ቅኝ ግዛቶች የወሰዱት ራሳቸው እንግሊዞች ናቸው። «ይህ ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ ነው» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ከባሕር ማዶ ለመምጣቱ ቀንና ፊርማ ያለው ሕጉ መሆኑን አስባለሁ።) ናዝ ፋውንዴሽን የተባለው በኤችአይቪ ላይ የሚሠራ ድርጅት በ2001 ክስ አቀረበ፤ በ2009 የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደለት፤ በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገለበጠው። ከምክንያቶቹ ሁለቱን መርሳት አልችልም፦ እነዚህ ሰዎች ከሕዝቡ እጅግ ጥቂት ክፍል ናቸው፤ በ150 ዓመት ውስጥም በሕጉ የተከሰሱት 200 አይሞሉም።

አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ስድብ ነው። ያም ሆኖ ለጠበቃ ትምህርት ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ጉዳቱ በክስ መዝገብ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ፖሊስ «እከስሃለሁ» ብሎ በሚቀበለው ጉቦ፣ ተደፍሮ ለማመልከት በፈራ ሰው፣ መድኃኒት ለመውሰድ ክሊኒክ ደጃፍ ደርሶ በተመለሰ ወጣት ነው። ይህ ደግሞ ተጽፎ፣ ተመስክሮ፣ ተፈርሞ ካልቀረበ ለዳኛ የለም ማለት ነው። ለዚህ ነው ክስ ከማቅረብ በፊት ለዓመታት ቃለ መሐላ መሰብሰብ አለበት የምለው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ፎቶ የሚያነሳውም የለም። ከሰልፍ ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ህንድን ከ2013 ያወጣት ግን ሌላም ነገር ነው። አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ መንግሥት የዜጎችን አሻራ የሚሰበስብበትን የመታወቂያ ሥርዓት ተቃውመው ከሰሱ። ጉዳዩ ከተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። በነሐሴ 2017 ዘጠኝ ዳኞች በአንድ ድምፅ የግል ሕይወት መሠረታዊ መብት ነው ሲሉ ወሰኑ፤ የ2013ቱን ፍርድም ስሙን ጠርተው ተቹት፤ መብት በሰው ብዛት አይለካም አሉ። በመስከረም 2018 አምስት ዳኞች 377ን በፈቃደኛ አዋቂዎች ላይ እንዳይሠራ አደረጉት። ከዳኞቹ አንዷ ታሪክ ለእነዚህ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ይቅርታ ሊጠይቅ ይገባል ብለው ጻፉ። የኤልጂቢቲ ተሟጋች የራሱን መዝገብ ብቻ የሚከታተል ከሆነ ግማሹን መሣሪያ ጥሏል። የፕሬስ ነፃነት፣ የመሰብሰብ መብት፣ የታሳሪ አያያዝ፣ የግል መረጃ ጥበቃ፦ በእነዚህ ክርክሮች ውስጥ ከሌሎች ጋር አብሮ የቆመ ሰው ነገ የራሱ ቀን ሲደርስ ባዶ ሜዳ ላይ አይቆምም።

ሕዝብ በድምፅ ሲጠየቅስ? የጥቂቶች መብት ለብዙኃን ድምፅ መቅረብ የለበትም ብዬ አምናለሁ። ከመጣ ግን ቤት ዘግቶ ማዘን አያዋጣም። በአሜሪካ የጋብቻ እኩልነት ደጋፊዎች በክፍለ ግዛቶች የሕዝብ ድምፅ በተደጋጋሚ ተሸንፈዋል፤ ከሽንፈቶቹ አንዱ በ2008 በካሊፎርኒያ የደረሰው ነው። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለው የራሳቸውን አነጋገር መረመሩ። ስለ ጥቅማ ጥቅምና ስለ መብት ዝርዝር ሲያወሩ ወላዋዩን መራጭ አላሳመኑትም ነበር፤ ስለ ፍቅርና ስለ ቃል ኪዳን ሲያወሩ ጆሮ አገኙ። በ2012 በሜይን፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን አሸነፉ። አየርላንድ ደግሞ ከሕዝበ ውሳኔው በፊት በዕጣ የተመረጡ 66 ዜጎችና 33 ፖለቲከኞች የተቀመጡበት ጉባኤ አዘጋጅታ ነበር፤ በጉባኤው 79 በመቶው ደገፈ፤ በግንቦት 2015 ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ 62 በመቶው ይሁን አለ። በታይዋን ፍርድ ቤቱ በ2017 ለጋብቻ እኩልነት ፈረደ፣ በ2018 ሕዝበ ውሳኔው ተቃወመ፣ በ2019 ፓርላማው ሕጉን አወጣ። የሕጉ ስም «ጋብቻ» የሚል ቃል የለበትም፤ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ቁጥር 748 ማስፈጸሚያ ነው የሚባለው። ጥንዶቹ ግን በሕጉ ጋብቻቸውን ያስመዘግባሉ። ስም አስረክቦ ፍሬ ነገሩን መውሰድ ክፉ ንግድ አይደለም።

ክፉ ንግድም አለ። ሲንጋፖር በ2022 የወንጀል አንቀጹን ስትሰርዝ በዚያው ወቅት ፍርድ ቤት የጋብቻን ትርጉም እንዳይነካ ሕገ መንግሥቷን አሻሻለች። አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ተቆለፈ። ውጪ አገር ያሉ ወዳጆች የሚያደርጉት ግፊትም አለ፦ በ2011 የእንግሊዝ መንግሥት እርዳታን ከዚህ መብት ጋር እንደሚያያይዝ ሲገለጽ በርካታ የአፍሪካ ተሟጋቾች በጋራ መግለጫ ተቃወሙ። ክሊኒክ ሲዘጋ ጎረቤት የሚወቅሰው የእርዳታ ሚኒስትሩን አይደለም፤ እነሱን ነው። እዚያ የሚኖረው ሰው ሳይጠየቅ የሚወሰድ እርምጃ፣ ሐሳቡ ምንም ያህል ቀና ቢሆን፣ እኔ ከስልት አልቆጥረውም። ኡጋንዳ ውስጥ በ2014 ፍርድ ቤት የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በከባዱ የሚቀጣውን ሕግ የሻረው ፓርላማው ምልዓተ ጉባኤ ስላልነበረው ነው፤ በሥነ ሥርዓት ተሸንፎ የነበረው ሕግ በ2023 ከፍቶ ተመለሰ፤ በ2024 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን አጸደቀው። የተገኘው ዘጠኝ ዓመት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ለተደበቀ ሰው ትንሽ አይደለም፤ መሠረቱ ግን አልተነካም።

ስለ ቅደም ተከተል ይህን ያህል ከተናገርኩ የሚያሳፍረኝንም መናገር አለብኝ። «ቀስ በቀስ» ሲባል ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚቀሩት ያው ሰዎች ናቸው። በ2007 በአሜሪካ ምክር ቤት የሥራ አድልዎን የሚከለክል ረቂቅ ቀርቦ ነበር። ይለፍ ተብሎ ትራንስጀንደር ሰዎችን የሚጠብቀው ክፍል ተቆርጦ ወጣ። በታችኛው ምክር ቤት አለፈ፤ ሕግ ግን ሳይሆን ቀረ። ሰዎቹ በከንቱ ተሸጡ። ቅደም ተከተል ማለት የትኛው ጥያቄ ይቅደም ማለት ነው። የትኛው ሰው ይጣል ማለት ሆኖ ሲተረጎም አልስማማም።

ከዚያ ረቂቅ 13 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2020፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ሁለቱንም በአንድ ውሳኔ ጠበቀ፤ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪውንም ትራንስጀንደሩንም። ከባለጉዳዮቹ አንዷ ኤሚ ስቲቨንስ ነበረች። በ2013 በምትሠራበት የቀብር አገልግሎት ድርጅት ለባልደረቦቿ ደብዳቤ ጽፋ ከእንግዲህ እንደ ሴት እንደምትኖር አስታወቀች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተባረረች። ሰባት ዓመት ተሟገተች፤ ኩላሊቷ ታሞ ነበር፤ ችሎቱ ጉዳዩን ሲሰማ በዊልቸር መጣች። የሞተችው በግንቦት 2020 ነው፤ ፍርዱ ሊነበብ አንድ ወር ከጥቂት ቀን ሲቀረው።