ቢጫው ረድፍ ለዘላለም ይኑር

ሰሞኑን አንድ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ የማይጠየቅ ጥያቄ ጠየቁ። «ለመሆኑ ስንት ደንበኛ አለን?» ሽያጭ አንድ ቁጥር ተናገረ። ፋይናንስ የዚያን ግማሽ። ደንበኞች አገልግሎት ከሁለቱም የማይገጥም ሦስተኛ ቁጥር አመጣ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ አይቲውን አፈጠጠበት። ምስኪኑ የገባው ፕሮጀክተሩን ሊያስተካክል ነበር።

እናንተም ዘንድ ይሄው ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ማማረር ሰልችቶኛል፤ ማመስገን ይሻላል። አንድ ቁጥር ብቻ ያለው ድርጅት ምን ድርጅት ነው? እኛ ሦስት አለን። ብድር ስንጠይቅ ትልቁን፣ ዕቅድ ሲጣልብን ትንሹን እንመዛለን።

መካከለኛ ድርጅት በዚህ በኩል የተባረከ ነው። ትንሽ ቢሆን ባለቤቱ ሁሉን በጭንቅላቱ ይይዘዋል። ትልቅ ቢሆን ለዳታ ብቻ የተቀጠረ ኃላፊ ይኖረዋል። መሀል ላይ ያለው ግን እርስ በርስ ለመረሳሳት የሚበቃ ሰው አለው፤ ኃላፊ ለመቅጠር የሚበቃ በጀት የለውም።

ከሁሉም የማደንቀው የደንበኞቻችንን ኤክሴል ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት ሠራተኛ አንዳንድ ረድፎችን ቢጫ ቀባች። ለምን እንደሆነ ለማንም ሳትናገር ለቀቀች። ፋይናንስ «ቢጫ ማለት ዕዳ ያለበት ነው» ብሎ አመነ። ሽያጭ «የክብር ደንበኛ ነው» አለ። ደንበኞች አገልግሎት ደግሞ «አታናግሩት ማለት ነው» ብሎ ስልኩን አያነሳም። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ የምስጋና ካርድና የዕዳ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። ግራ ገብቶት ሲደውል መልስ የለም። ቀጥሎ አዲስ ልጅ ተቀጠረ፤ ትጉህ ለመምሰል አረንጓዴ ጨመረበት። ማንም አልጠየቀውም። ሌላው መጣና የስም ዓምዱን ብቻ በፊደል ተራ ደረደረው፤ ስልኮቹ ባሉበት ቀሩ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ደንበኛ በሌላ ሰው ስልክ ይፈለጋል። ስሙ ቢጫ፣ ስልኩ ነጭ የሆነ ደንበኛ ሁሉ አለን! ትርጉሙን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቁሟል። አንዷ «ቀለሙን ለምን አናጠፋውም?» ብትል «ማን ፈቀደልሽ?» ተባለች። እውነትም ማን ይፈቅዳል? ፈቃጅ ሲጠፋ ሁሉም ከልካይ ይሆናል።

ደግሞ ብቻችንን አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ ውስጥ 65,536 ረድፍ ብቻ የሚይዝ አሮጌ የኤክሴል ፋይል ሞልቶ፣ ወደ 16,000 የሚጠጉ በኮቪድ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ውጭ ቀርተዋል። እኛ በሰላም አገር በቀለም ብቻ ነው የተሳሳትነው።

አሁን ቀልዱን ላቁመው። የደንበኞች የመታወቂያ ኮፒ የድርጅቱ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ተጥሏል። ከለቀቁ የቆዩ ሠራተኞች እስከ ዛሬ እዚያው ግሩፕ ውስጥ አሉ። አንዱ አሁን የሚሠራው ለተወዳዳሪያችን ነው። ያ ደንበኛ መታወቂያውን የሰጠን እኮ አምኖን ነው! «ማን ያስወጣቸው?» ሲባል ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ይሄ አደራ መብላት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ማስተካከሉ ደግሞ ሚሊዮን አይጠይቅም። ደንበኛ ማለት ማን እንደሆነ፣ ማንስ ፋይሉን እንደሚያይ የሽያጭ ኃላፊው ይወስን፤ ስህተት ሲገኝም እሱ ይጠየቅ። ዝርዝሩን በየቀኑ የሚያጠራ አንድ ሰው ይመደብ። አይቲ ማስቀመጫውንና ፓስወርዱን ይጠብቅ፤ የቢጫን ትርጉም ግን አትጠይቁት። ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን የሰው ስም ይጻፍ። ግማሽ ገጽ አይሞላም።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ደግነቱ አሁን የዳታ ፖሊሲ አለን። ረጅም ነው። ከኢንተርኔት የተገኘ ስለሆነ ሁለት ቦታ ላይ የሌላ ድርጅት ስም ሳይቀየር ቀርቷል። ሥራው ሁሉ የተሰጠው ለ«የሚመለከተው ክፍል» ነው። የሚያጠራው እሱ፣ የሚጠብቀው እሱ፣ የሚጠየቀው እሱ። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ከየት ይገኛል? ደመወዝ አይጠይቅ፣ ፈቃድ አይወጣ። ከአውሮፓ ኅብረት ሕግም ዳታ ሲያፈተልክ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪ አሳውቁ የሚለውን ሳይቀር ገልብጠናል። ባለፈው ለልምምድ ሞከርነው። 72ቱ ሰዓት ያለቀው የሚመለከተው ክፍል ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ ስናፈላልግ ነው።